ከውጭ የሚመጣ ውኃ ከውጭ ይመለሳል
የቤትን መሠረትና ምድር ቤትን በሸክላ አፈር ስለ መጠበቅ፤ ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ትምህርት



ክረምት ሲገባ በጉባኤዎችም ሆነ በፕሮጀክት ሠራተኞች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፦ «ግድግዳው ከታች ወደ ላይ ይረጥባል፤ ቀለም ቀባነው፤ በሲሚንቶም ለሰንነው፤ በዓመቱ ግን ተመልሶ ረጠበ። ምን ብናደርግ ይሻላል?» የሚል ነው። በዚህ ትምህርት ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ለመስጠት እንሞክራለን። መልሱ ውድ ዕቃ ከባሕር ማዶ ማስመጣትን አይጠይቅም። የምንናገረው ከእግራችን በታች ስላለው ስለ ሸክላ አፈር ነው።

ለምሳሌ የምንወስደው ሰፈር በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ ውስጥ ያለውን ሶማሌ ተራን ነው። ሶማሌ ተራ በመኪና መለዋወጫ ንግድ የታወቀ ነው። እዚያ ለሚነግድ ሰው እርጥበት ትንሽ ጉዳይ አይደለም። በእርጥብ ክፍል የተከማቸ ኩሽኔታ ይዝጋል፤ የዛገውን ኩሽኔታ ደግሞ ማንም አይገዛም። የፊልትሮው ካርቶን ይበሰብሳል። ብዙውን ጊዜ በብድር የተገዛ ዕቃ ስለሆነ ኪሳራው እስከ ቤተሰቡ እንጀራ ድረስ ይደርሳል። ከሱቆቹ ጀርባ በሚገኙ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ የሚኖሩት ደግሞ ከዚህ የባሰ ይጎዳሉ። ሻጋታ በያዘ ግድግዳ ሥር የሚተኛ ሕፃን ሳል አይለቀውም፤ አስም ያለበት ሰውም ሕመሙ ይጠናበታል። የግድግዳው ማገርና ምሰሶ እንጨት ከሆነ ከታች እየበሰበሰ ይሄድና ቤቱ ያዘነብላል። እንግዲህ የምንማረው ነገር ስለ ጭቃ ቢሆንም ፍሬው የሰው ጤናና የሰው ኑሮ ነው።

ውኃው በየት ይገባል?

ከሥራ በፊት ጠላትን ማወቅ ይገባል። በአዲስ አበባ በዓመት በአማካይ ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንባል፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የሚወርድ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ማለት ነው። ስለዚህ 50 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው አንድ የቆርቆሮ ጣራ፣ 20 ሚሊ ሜትር በሚወርድበት አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ 1,000 ሊትር ውኃ ያወርዳል። አሸንዳ ከሌለው ይህ ሁሉ ውኃ የሚፈስሰው ከግድግዳው ሥር ነው።

በመርካቶ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ አሁኑ ቦታ የተዛወረው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ባሉት ዓመታት ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ቤት በቤት ላይ ተሠርቷል፤ ፍርስራሽ በፍርስራሽ ላይ ተደልድሏል። መንገድ በታደሰ ቁጥር ትንሽ ከፍ ሲል፣ ከጎኑ ያለው አሮጌ ቤት ወለል ከመንገዱ በታች ይቀራል። እንዲህም ሆኖ ማንም ሰው «ምድር ቤት ልሥራ» ሳይል ቤቱ በራሱ ምድር ቤት ይሆናል። የግድግዳው የታችኛው ክፍል አፈር ተደግፎበት ይኖራል፤ ያ አፈር ሲርስ ግድግዳውም ይርሳል።

ውኃ ወደ ቤት የሚገባባቸው መንገዶች አራት ናቸው። አንደኛው፣ ከጎን ካለው አፈር ወደ ግድግዳው የሚሰርገው ነው። ሁለተኛው፣ ከመሠረቱ በታች ከመሬት እንደ ፋኖስ ክር እየተሳበ የሚወጣው ነው። ሦስተኛው፣ ከተሰበረ የውኃ ቧንቧ ወይም ከሚያፈስ የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚመጣው ነው። አራተኛው ከውጭ የማይመጣው ነው፤ ይኸውም የሰው ትንፋሽና የምግብ እንፋሎት በቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ጤዛ ሲሆን የሚታየው ነው።

ይህን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ክንድ የሚሆን ቁራጭ ላስቲክ በግድግዳው ላይ አስተካክላችሁ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፉትና ለሁለት ቀን ተዉት። ጠብታው ክፍሉን በሚያየው በላስቲኩ ፊት ላይ ከታየ፣ እርጥበቱ የክፍሉ አየር ነው፤ መድኃኒቱም መስኮት መክፈት ነው። ጠብታው በላስቲኩና በግድግዳው መካከል ከተገኘ ግን ውኃው የሚመጣው በግድግዳው ውስጥ ነው። በበጋ ጭምር የሚረጥብ፣ ሽታም ያለው ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ቧንቧውንና የመጸዳጃውን ጉድጓድ መርምሩ። የሸክላ አፈር የሚረዳው በተለይ ለመጀመሪያው፣ ከጎን ለሚሰርገው ውኃ ነው።

ከውስጥ መለሰን ለምን አይበቃም?

ከውስጥ የተለሰነ ሲሚንቶ ውኃውን የሚያገኘው ውኃው ግድግዳውን ካለፈ በኋላ ነው። ውኃው ልስኑን ከበስተኋላው እየገፋ ያላቅቀዋል፤ ከውኃው ጋር የመጣው ጨው ደርቆ ነጭ ዱቄት ይሆንና ቀለሙን ያረግፈዋል። ከውጭ የተደረገ መከላከያን ግን ውኃው ራሱ ወደ ግድግዳው ይጫነዋል እንጂ አያላቅቀውም፤ ግድግዳውም ደረቅ ሆኖ ይኖራል። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ውኃ መመለስ ያለበት ከውጭ ነው።

የሸክላ አፈር ውኃን እንዴት ይከለክላል?

የሸክላ አፈር ቅንጣቶች እጅግ ደቃቅ ናቸው። አንድ ሚሊ ሜትር ለአምስት መቶ ቢከፈል፣ አንዱ እጅ የሚያህሉ ወይም ከዚያም የሚያንሱ ናቸው። ቅርጻቸውም እንደ ስስ ቅጠል ነው። ውኃ ሲያገኙ ያብጣሉ፤ ተጠቅጥቀው ሲደራረቡም በመካከላቸው ለውኃ መተላለፊያ አይተርፍም። ልዩነቱን በቁጥር እንየው። በሻካራ አሸዋ ውስጥ ውኃ በአንድ ቀን ብዙ ሜትር ሊሄድ ይችላል። በሚገባ በተጠቀጠቀ ጥሩ የሸክላ አፈር ውስጥ ግን በዚያው ግፊት በአንድ ዓመት 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይሄዳል። 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን እንዲህ ያለ አፈር ክረምቱ ሳያልፈው በጋው ይደርሳል ማለት ነው።

ሸክላ አፈር ሲሚንቶ የሌለው ሌላም ጥቅም አለው። ሲሚንቶ አንድ ጊዜ ከተሰነጠቀ ስንጥቁ እንዳለ ይኖራል። የሸክላ አፈር ግን እርጥበቱን እስከ ጠበቀ ድረስ ትንሽ ስንጥቅ ቢያገኘው አብጦ ራሱን ይዘጋል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር እንዳይዘነጋ፦ የሸክላ አፈር ውኃ የሚከለክለው እርጥብና የተጠቀጠቀ ሲሆን ነው። ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ውኃ እንደ ልቡ ይገባል። በአገራችን በጋው ረጅም ስለሆነ ከዚህ ሥራ የሚበልጠው ክፍል አፈሩ እንዳይደርቅ መሸፈን ነው።

ይህ ጥበብ አዲስ አይደለም

በእንግሊዝ አገር ጄምስ ብሪንድሊ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1761 ለተከፈተው የብሪጅዋተር ቦይ ውኃው እንዳይሰርግ የተጠቀመው በተቦካና በተረገጠ የሸክላ አፈር ነበር። በጀርመን አገርም የድሮ ግንበኞች የምድር ቤትን ግድግዳ ከውጭ በኩል በተጠቀጠቀ የሸክላ አፈር ያጥሩ ነበር፤ «ሌምሽላግ» ይሉታል። ዛሬም በግድቦች ሆድ ውስጥ ውኃውን የሚይዘው ብዙ ጊዜ የሸክላ አፈር ነው።

እኛም ዘንድ ቢሆን ጥበቡ እንግዳ አይደለም። ለጭቃ ቤት ጭቃ ያቦካና የረገጠ ሰው ግማሹን ሥራ ያውቀዋል። በሐረርጌ ገበሬዎች ማሽላቸውን ከመሬት በታች በተቆፈረ ጉድጓድ ያኖራሉ፤ እርጥበት እንዳይገባም ውስጡን ይለቀልቁታል። በቀጨኔ የሚኖሩ ሸክላ ሠሪ እናቶች አፈርን በጣታቸው አሽተው የትኛው እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደሚሰነጠቅ ይለያሉ። በላሊበላም ከአለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት የሠሩት አባቶች የዝናቡን ውኃ የሚያወጡ ቦዮችን አብረው ፈልፍለዋል፤ ቤቱን ከመሥራት ጋር የውኃውን መሄጃ አስበዋል። በመጽሐፍ ቅዱስም የኖኅ መርከብ በቅጥራን የተለቀለቀችው በውስጥ ብቻ እንዳልነበረ እናስታውሳለን።

አፈሩን መምረጥና መፈተን

በአገራችን ሁለት ዓይነት የሸክላ አፈር በብዛት ይገኛል። አንደኛው ጥቁሩ መረሬ ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ዋልካ ይባላል። በኢትዮጵያ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን መሬት በዚህ ዓይነት አፈር የተሸፈነ ነው፤ በአዲስ አበባም በቦሌና በአቃቂ በኩል በሰፊው ይገኛል። መረሬ ውኃን በመከልከል ብርቱ ነው። ነገር ግን በክረምት በጣም ያብጣል፤ በበጋ በጣም ይኮማተራል። ሲያብጥ ግድግዳን ሊገፋ፣ ሲኮማተር እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ለብቻው በደካማ ግድግዳ ላይ አይደረግም። ሁለተኛው ቀዩ የሸክላ አፈር ነው። እብጠቱም ኩምታሬውም ያነሰ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ይመረጣል።

በአፋር በገዋኔና በሐዳር አካባቢ የሚገኘው ቤንቶናይትም እጅግ የሚያብጥ የሸክላ ዓይነት ነው። መሐንዲሶች ለትልልቅ ሥራ ይጠቀሙበታል፤ ልምድ የሌለው ሰው ግን በቤት ግድግዳ ላይ እንዲሞክረው አንመክርም።

አፈሩን ከመግዛታችሁ ወይም ከመቆፈራችሁ በፊት እነዚህን አራት ፈተናዎች አድርጉ፤ ገንዘብ የሚያስወጡ አይደሉም።

1. የጠርሙስ ፈተና፦ አፉ ሰፊ በሆነ ጠርሙስ ሲሶውን አፈር፣ የቀረውን ውኃ ሙሉና በብርቱ ናጡት። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ከታች ይቀመጣል። ሸክላው መጨረሻ ላይ ቀስ ብሎ ይረጋል፤ አንድ ሙሉ ቀን ሊወስድ ይችላል። ከረጋው ሁሉ ከሩብ እስከ ሲሶ ያለው ሸክላ ከሆነ ለሥራው የሚሆን አፈር ነው።

2. የጥቅል ፈተና፦ ያረሳችሁትን አፈር በመዳፋችሁ እንደ ክር አሽከርክሩት። እንደ እርሳስ ከቀጠነ በኋላም ሳይፈረካከስ የሚቆይ ከሆነ በቂ ሸክላ አለው።

3. የሣጥን ፈተና፦ ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱና ጥልቀቱ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ሥሩ። የተቦካውን ጭቃ ሙሉበትና እስኪደርቅ በጥላ አስቀምጡት። ከጫፍና ከጫፍ፣ በመካከልም የተከፈተውን ክፍተት ደምራችሁ ለኩ። ከ2 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ አፈሩ በጣም ይኮማተራል፤ ሻካራ አሸዋ ጨምራችሁ ደግማችሁ ፈትኑ።

4. የሣህን ፈተና፦ ከጭቃው ውፍረቱ ሁለት ጣት የሚሆን ጎድጓዳ ሣህን ሠርታችሁ ሳይደርቅ ውኃ ሙሉበት፤ ላዩን ሸፍናችሁ አሳድሩት። በማግሥቱ ውኃው ሳይጎድል ከታችም ሳይረጥብ ከተገኘ አፈሩ አለፈ። አሸዋ ካበዛችሁ እዚህ ላይ ይታወቃል። እንግዲህ ሦስተኛው ፈተና አሸዋ እንድትጨምሩ፣ አራተኛው ደግሞ አሸዋ እንዳታበዙ ይነግራችኋል፤ ትክክለኛው መጠን በሁለቱ መካከል ነው።

ለግድግዳ ጭቃ ጭድ መጨመር የተለመደ ነው፤ ጥሩም ነው። ለዚህ ሥራ ግን ጭድ ፈጽሞ አይጨመርም። ከመሬት በታች ጭዱ ይበሰብስና በየቦታው ቀጭን ቧንቧ ትቶ ይሄዳል፤ ውኃውም በዚያ ይገባል። ሥር፣ ቅጠልና ቆሻሻም ተለቅሞ ይውጣ።

አሠራሩ

የሥራው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል። የክረምቱ ውኃ ወርዷል፤ አፈሩ ግን ገና ድንጋይ አልሆነም፤ የበልጉም ዝናብ አልደረሰም።

በመጀመሪያ አሸንዳ ስቀሉ፤ ውኃውንም ከቤቱ አርቃችሁ የሚያወርድ ቱቦ አድርጉለት። በብዙ ቤት ይህ ብቻ ግማሹን ችግር ያቃልላል። ይህን አድርጋችሁ አንድ ክረምት ብትመለከቱ ቁፋሮው ላያስፈልግም ይችላል።

ቁፋሮ የሚያስፈልግ ከሆነ የሚከተለውን በጥብቅ ጠብቁ፤ የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነውና። የግድግዳውን ርዝመት ሁሉ በአንድ ጊዜ አትቆፍሩ። አፈሩ መሠረቱን ከጎን ደግፎት የኖረ ነው፤ ድጋፉ በአንድ ጊዜ ሲነሣ ግድግዳው ሊወድቅ ይችላል። ግድግዳውን በ1 ሜትር ክፍል ክፍል አድርጋችሁ ቁጥር ስጡት። መጀመሪያ 1ኛውንና 4ኛውን ቆፍሩ፤ በመካከል ያሉትን ሁለቱን አትንኩ። እነዚያ ተሞልተው ከተጠቀጠቁ በኋላ ወደ 2ኛውና ወደ 5ኛው እለፉ፤ እንዲሁ እያላችሁ ጨርሱ። ከመሠረቱ ግርጌ በታች አንድ ጣት እንኳ አትውረዱ። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከ1.5 እስከ 2 ቶን ይመዝናል፤ ጉድጓዱ ከደረት በላይ ከሆነ ዳርና ዳሩ በጣውላ ተደግፎ ባለሙያ በተገኘበት ብቻ ይቆፈር። የተቆፈረው አፈር በጉድጓዱ አፋፍ ላይ አይከመር። ልጆች እንዳይገቡበትም ማታ ማታ ይከደን።

የጉድጓዱ ወርድ ከ70 ሴንቲ ሜትር አይነስ። ከዚያ በኋላ ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳል።

ሀ. ግድግዳውን አጽዱ። የላላውን አፈር በሽቦ ብሩሽ አራግፉ፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ክፍተት በኖራና በአሸዋ ወይም በሲሚንቶ ሞልታ ሙሉ፤ ገጹንም ለስልሶ እንዲወርድ ለስኑት። ሻካራ ግድግዳ ከሸክላው ጋር ሳይገጥም ክፍተት ይተዋል።

ለ. አፈሩን አቡኩት። ውኃ አጠጥታችሁ ሸፍናችሁ ቢያንስ ሁለት ሌሊት አሳድሩት፤ ከዚያም በእግር ርገጡት። የሚፈለገው የሊጥ ያህል የለሰለሰ ሳይሆን፣ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጽ የሚይዝ፣ እጅ ላይ ግን የማይጣበቅ ጭቃ ነው።

ሐ. ከግድግዳው ጋር አገናኝታችሁ በ30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሙሉት። በአንድ ጊዜ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ አትጨምሩ፤ 15ቱ ወደ 10 ያህል እስኪወርድ ድረስ በከባድ መጠቅጠቂያ እንጨት ጠቅጥቁት። የሚቀጥለውን ድርብ ከመጨመራችሁ በፊት የታችኛውን ገጽ ጫር ጫር አድርጋችሁ ውኃ አርከፍክፉበት፤ ሁለቱ አንድ አካል እንዲሆኑ ነው። የአንዱ ክፍል ጫፍም ቀጥ ተደርጎ አይቆረጥም፤ እንደ ደረጃ ተቆርጦ ከሚቀጥለው ክፍል ጋር ይጠላለፍ።

መ. ከሸክላው ውጭ ባለው ቦታ ሻካራ አሸዋ፣ ከዚያም ጠጠር ሙሉበት። የመጣው ውኃ በዚህ ጠጠር ውስጥ ወደ ታች ወርዶ እንዲሄድ፣ የጉድጓዱ ወለል በየ1 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ወደ መውጫው ይውረድ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ውኃው የሚወጣበት ዝቅ ያለ ቦታ ከሌለ ጠጠር አታድርጉ። መውጫ የሌለው ጠጠር የውኃ ማጠራቀሚያ ገንዳ ይሆናልና። እንዲህ ባለ ቦታ ከሸክላው ውጭ ያለውን በተቆፈረው አፈር ሞልታችሁ ጠቅጥቁት።

ሠ. በመጨረሻ ላዩን ዝጉ። ከግድግዳው ጀምሮ ወደ ውጭ 1.5 ሜትር ያህል የሚደርስ፣ በየ1 ሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ የሚል የሸክላ ድርብ ደልድሉ። በላዩም 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ተራ አፈር አድርጋችሁ ድንጋይ አንጥፉበት፤ ወይም ማርሻፔዲ ሥሩበት። ይህ መሸፈኛ ሸክላውን ከፀሐይ የሚጠብቀው ነው። ያለ እርሱ ሥራው ሁሉ በአንድ በጋ ይሰነጠቃል። የተነጠፈው ገጽ ከቤቱ ወለል ከፍ እንዳይል፣ ወደ ቤቱም እንዳያዘነብል በውኃ ልክ አረጋግጡ። ባሕር ዛፍም በአጠገቡ አትትከሉ፤ ከሸክላው ውኃ እየጠጣ ያደርቀዋል።

መጠኑን ለማስላት እንዲህ አድርጉ። ግድግዳው 8 ሜትር ርዝመት፣ ጥልቀቱ 1.2 ሜትር ቢሆንና ሸክላው 30 ሴንቲ ሜትር ቢወፍር፣ 8 በ1.2 በ0.3 ሲባዛ 2.88፣ ማለትም ወደ 3 ሜትር ኩብ የተጠቀጠቀ አፈር ይሆናል። አፈሩ ሲጠቀጠቅ ሲሶውን ያህል ስለሚቀንስ 4.5 ሜትር ኩብ ልቅ አፈር ማዘጋጀት ይገባል። ለላዩ መዝጊያ የሚሆነውም በዚህ ላይ ይታከላል።

ሶማሌ ተራን ለመሰለ ሰፈር የተለየ ምክር

በመኪና ሥራ ሰፈር የሚወጣ አፈር የተቃጠለ ዘይት፣ ናፍጣና ቤንዚን የጠጣ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ አፈር በሚገባ አይቦካም፤ በባዶ እግር ሲረገጥም ቆዳን ይጎዳል። የሸክላውን አፈር ከንጹሕ ቦታ አምጡ፤ ዘይት የሸተተውን አፈር አትርገጡ፤ ለአትክልት ቦታም አትስጡ።

የተቃጠለ ዘይትን ግድግዳ ላይ መቀባት ውኃ ይከለክላል የሚል ልማድም አለ። ይህ አይደረግ። ዘይቱ ወደ ውስጥ ሰርጎ በቤት ውስጥ ይሸታል፤ ከላዩ የሚለሰነው ሞልታ አይይዝለትም፤ ለእሳትም ቅርብ ያደርገዋል። በውስጡ ያለው ቆሻሻም ለሚተነፍሰው ሰው ጤና መጥፎ ነው።

ሌላው ነገር ጎረቤት ነው። በእንዲህ ያለ ሰፈር ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ስለሆኑ በአንድ ሰው ግድግዳ ሥር መቆፈር የሌላውን ግድግዳ መንካት ነው። የመለሳችሁት ውኃም የሆነ ቦታ መሄዱ አይቀርም። ወደ ጎረቤት ምድር ቤት ከሄደ ችግሩን አሸጋገርነው እንጂ አላቃለልነውም። ስለዚህ መጀመሪያ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ፤ የመንገዱ የጎርፍ ቦይ በላስቲክና በቆሻሻ ተደፍኖ እንደሆነም አብራችሁ ጥረጉት። ከመቆፈራችሁ በፊት ከወረዳው ፈቃድ ጠይቁ፤ የውኃ ቧንቧና የመብራት ገመድ በዚያ እንዳያልፍም አጣሩ።

የማይበጅበት ጊዜ

እውነቱን ለመናገር ሸክላ አፈር ሁሉን አይፈውስም። የከርሰ ምድር ውኃው ከወለሉ በላይ የሚደርስ ከሆነ የጎኑ ሲዘጋ በወለሉ በኩል ይፈልቃል፤ ይህ የመሐንዲስ ሥራ ነው። ከመሠረቱ በታች የሚሳበውን እርጥበትም የጎን ሸክላ በሙሉ አያቆመውም፤ ይቀንሰዋል እንጂ። ግድግዳው ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ከሆነ የሚቆፈር ውጭ የለም፤ እንዲህ በሆነ ጊዜ ጣራውንና ቦዩን ማስተካከል፣ ዕቃውን በመደርደሪያ ላይ ከወለሉ ከፍ ማድረግና አየር እንዲገባ ማድረግ ይቀራል። ግድግዳው ቀድሞ የተሰነጠቀ ወይም ያዘነበለ ከሆነም ባለሙያ ሳያየው አካፋ አይነካው።

ለጉባኤና ለሠራተኞች የሚሆን ጥናት

ጌታችን ስለ ሁለቱ ቤት ሠሪዎች የተናገረውን ምሳሌ (የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7) አንብቡ። በዚያ ምሳሌ ዝናቡና ጎርፉ በሁለቱም ቤቶች ላይ መጥቷል፤ ልዩነቱ የታየው ከታች ባለውና ሰው በማያየው ክፍል ነው። ቀጥላችሁ በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

1. በእኛ ጸሎት ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም ክሊኒክ ውስጥ የትኛው ግድግዳ ይረጥባል? ውኃው ከአራቱ መንገዶች በየትኛው እንደሚመጣ መርምረናልን?

2. ባለፉት ዓመታት ለቀለምና ለልስን ያወጣነው ገንዘብ ስንት ነው? በዚያ ገንዘብ አሸንዳ መስቀልና መሠረቱን ከውጭ መጠበቅ ይቻል ነበርን?

3. በጉባኤያችን አባላት መካከል በእርጥብ ክፍል የሚተኙ አረጋውያንና ሕፃናት እነማን ናቸው? ወጣቶቻችን በኅዳር ወር ለማን ቤት ሊቆፍሩ፣ ለማንስ ጭቃ ሊረግጡ ይችላሉ?

4. በአካባቢያችን አፈርን የሚያውቁ እነማን ናቸው? ሸክላ ሠሪዎችን እንደ አስተማሪ ጠርተን ጠይቀናቸዋልን፣ ወይስ ንቀናቸዋል?

5. የምንመልሰው ውኃ ወደ ማን ደጅ ይሄዳል?

ለፕሮጀክት ሠራተኞች ደግሞ አንድ ተግባር እንሰጣለን። አራቱን የአፈር ፈተናዎች በሰፈራችሁ ከሦስት ልዩ ልዩ ቦታ በተገኘ አፈር አድርጉ፤ ውጤቱንም በደብተር መዝግቡ። የተፈተነ አፈር የት እንዳለ አስቀድሞ የሚያውቅ ሠራተኛ፣ ችግረኛ ሲመጣ ፍለጋ አይወጣም።

ይህን ሥራ ሠርቶ የጨረሰ ሰው የሚያሳየው ነገር የለውም። ሸክላው ከመሬት በታች ነው፤ በላዩም ድንጋይ ተነጥፏል። የሚታየው በነሐሴ ነው፤ ያን ጊዜ እጃችሁን በግድግዳው ላይ አድርጉና ደረቅ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በርቱ፤ ክረምቱ ሳይመጣ ጀምሩ።